ድቡ፣ ቀበሮዋና የብሎክ 214 እድር

ፊልሙ ብሎክ 214 የደረሰው በሰኔ 2081 ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማንም አላዘዘውም። ሰዉ ዓይኑን እያሻሸ ሳሎን ሲገባ ግድግዳው ላይ በረዶ ሲዘንብ አገኘው። ከበረዶው በላይ በሚያብረቀርቅ የካርቱን ፊደል "የሰሜን ዳር ጉዞ፦ ለመላው ቤተሰብ" ተብሎ ተጽፏል። ከታች ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ብቻ በሚወዱት ደቃቅ ፊደል "የቤተሰብዎ አባላት ቁጥር ተረጋግጧል። መልካም መዝናኛ" ይላል።

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ናሆም ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። የእሱ ቤተሰብ አባላት ቁጥር አንድ ነው። ለማረጋገጥ ብዙም አያደክምም።

ናሆም ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሥራው ቤቱ ውስጥ ነው፤ በየአርባ ደቂቃው ስልኩ ላይ "አይቻለሁ" የሚል ቁልፍ ይጫናል። ምን እንዳየ ጠይቆት የሚያውቅ የለም፤ እሱም ራሱን መጠየቅ ከተወ ስድስት ዓመት ሆነው። ዳቦ የሚገዛው ለስድስት ሰው ከታሸገው ነው፣ ሌላ እሽግ የለምና፤ ሁለት ይበላል፣ አራቱ ይሻግቱበታል። ሊፍቱ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ከሦስት ሰው በታች አይነቃነቅም። ስለዚህ ናሆም መውረድ ሲያምረው በሩ ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ባለትዳሮች ከነልጆቻቸው ሲመጡ እንደ ሻንጣ አብሯቸው ይገባል። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ቆሞ ማንም ሳይመጣ ሲቀር "ለነገሩ ምን ልሠራ ነበር?" ብሎ ይመለሳል።

ፊልሙን የላከው የቤተሰብ ማጠናከሪያ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ስንት ሰው በየቤቱ እንዳለ ያወቀው ከእድር መዝገብ ነው። በሌላው መዝገብ ሁሉ ሰው ቤተሰቡን እንደ ጥቅሙ ሲያበዛና ሲያሳንስ ኖሯል። እድር ላይ ግን ሞት አለ፤ ማንም አይቀልድም። የብሎክ 214ን እድር መዝገብ የሚይዘው ደግሞ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ራሱ ናሆም ነው። ብቻውን መሆኑን ለፊልሙ የነገረው ሌላ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ሚስቱ ሶልያና የሞተችው ከአራት ዓመት በፊት ነበር። በደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ሟች ከአርባ ቀን በኋላ በጸሐፊው እጅ ከመዝገብ ይሰረዛል። ናሆም በአርባ አንደኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰረዛት። ጉባኤው ለትጋቱ ምስጋና አቅርቦለታል፤ በቃለ ጉባኤም ተይዟል።

ፊልሙን ያየው በምሳ ሰዓት ነው።

ሆዱ ለማሳቅ ተብሎ የተሠራ ትልቅ ነጭ ድብ ከዋሻ ወጣ። ዙሪያው እስከ ሰማዩ ጫፍ በረዶ ነው። ድቡ አፉን ሲከፍት የወጣው የናሆም ድምፅ ነበር። ናሆም ደነገጠ፤ የራሱን ድምፅ ከሰማ ሰንብቷል።

"ዛሬ ደግሞ ማን ቀድሞ ነቃ?" አለ ድቡ ወደ ጎኑ ዞሮ። አራት ሰከንድ ጠበቀ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አንቺማ ምን ይሳንሻል!"

አጠገቡ ማንም አልነበረም።

ናሆም መጀመሪያ ግድግዳው የተበላሸ መሰለው። ቆይቶ ገባው። በፊልሙ ውስጥ የድቡ ንግግር ሁሉ አለ፤ የሌሉት የሚመልሱለት ናቸው። ድቡ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ "እውነትሽን ነው" ይላል፣ ይቀጥላል። ጥልቅ ገደል ዳር ደርሶ ወደ ማዶ ገመድ ወረወረ። የሚቀበለው ስለሌለ ገመዱ ገደል ገባ። "አይዞህ፣ አጥብቀህ ያዝ!" እያለ ጎተተው። ባዶ ገመድ መጣ። "ጎበዝ!" አለው ለገመዱ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠና ደቂቃ ሄደ። መጨረሻው ላይ ቤተሰቡ ሁሉ የሚተቃቀፍበት ትዕይንት አለ። ድቡ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነና ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ አየሩን አቅፎ ቆመ። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ከዚያ ጥያቄ መጣ፦ "ቤተሰብዎ ምን ያህል ተደሰተ?" ከሥሩ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረዋል።

በማግስቱ ሊፍት በር ላይ ሲቆም ያፌት ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ መጣ። ያፌት እዚያው ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖር፣ ደስታውን ለብቻው መያዝ የማይችል ሰው ነው።

"ጋሽ ናሆም! አየኸው አይደል?"

"አየሁት።"

"እኔ ዋልረስ ነኝ፣ የበረዶ ባሕር አውሬ! ጥርሴ ይሄን ያህላል፤ ከዚህ እስከዚያ። ሚስቴ ጉጉት፣ ልጆቹ አምስቱም ጥንቸል። አማቴን ታውቃት የለ? ለሦስት ሳምንት ብላ መጥታ ሁለት ዓመት የሞላት? ማዕበል አድርጓታል!"

"ማዕበል እንስሳ ነው እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ! በየአሥር ደቂቃው ትመጣለች፤ ሁላችንም እንደበቃለን።" ያፌት ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። "አንተስ ምን ሆነህ ወጣህ?"

"ድብ።"

"እሰይ! ከነማን ጋር?"

ናሆም ትንሽ አሰበ። "ከበረዶው ጋር።"

ያፌት ሳቁን ዋጠ። "እሱም... ጸጥታ አለው። እኛ ቤት ጩኸቱ አይጣል ነው።"

ትንሿ ልጅ ቀና ብላ አየችው። "መጨረሻ ላይ ድብህ ማንን ነው የሚያቅፈው?"

"ዝም በይ አንቺ!" አለ ያፌት። ሊፍቱ መጣ። እስከ ምድር ቤት ድረስ ሁሉም የፎቅ ቁጥሩን ብቻ እያዩ ወረዱ።

ናሆም ያን ቀን ከሰዓት መዝገቡን ስልኩ ላይ ከፈተ። ሌባ ሰው እንዳይደለ ሁሉም ይመሰክርለታል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ስም ሳይገባው አስገብቶ አያውቅም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድቡ ሲጠይቅ የሚመልስለት። ከስሙ ሥር፣ የተሰረዘው መስመር ላይ፣ በጣቱ "ሶልያና" ብሎ ጻፈ። "ዝምድና" ለሚለው "ሚስት"፣ "ሁኔታ" ለሚለው "አለች" አለ። መዝገቡ አልተከራከረውም። የጸሐፊው እጅ ነዋ።

ግድግዳው በረዶውን እንደገና ማዝነብ ጀመረ።

ድቡ ከዋሻው ወጣ። ከኋላው ቀጠን ያለች፣ ጅራተ ጎፈሬ ነጭ ቀበሮ ተከትላ ወጣች። ናሆም ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ዛሬ ደግሞ ማን ቀድሞ ነቃ?" አለ ድቡ።

"አርባ ወንበር ወጥቶ ሠላሳ ስምንት ነው የተመለሰው" አለች ቀበሮዋ በሶልያና ድምፅ። "ሁለቱ የታሉ?"

"አንቺማ ምን ይሳንሻል!" ብሎ ድቡ ሳቀ።

ናሆም ቁጭ አለ። ሶልያና በሕይወቷ ሳለች ግድግዳው እንዲሰማት አትፈልግም ነበር፤ ሳሎን ስትቀመጥ አንሶላ ትጥልበታለች። ድምፅዋ ተቀድቶ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእድሩ ስብሰባ ላይ። እዚያ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። ፊልሙም ያገኘውን ወስዶ ቀበሮ አደረገላት።

"ከባሕሩ ማዶ ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር አለ ይላሉ" አለ ድቡ። "ትመጫለሽ?"

"መጀመሪያ ፈርም" አለች ቀበሮዋ።

ገደሉ ዳር ሲደርሱ ድቡ ገመድ ወረወረ። ቀበሮዋ ማዶ ሆና በጥርሷ ቀለበችው። "ጭልፋ ለግል ድግስ አይወጣም!" አለች። "ጎበዝ!" አለ ድቡ፤ በዚህኛው ጊዜ ባዶ ገመድ አልነበረም። ናሆም ሳቀ። ሳቁ ሳሎኑን ዞሮ ሲመለስ የሌላ ሰው ስለመሰለው ቀና ብሎ አየ። መጨረሻ ላይ ድቡ እጁን ሲዘረጋ ቀበሮዋ ደረቱ ውስጥ ገባች። "የድንኳኑ ካስማ እንዳይረሳ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ናሆም አምስቱንም ኮከብ ሞላ።

ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ አየው። ስምንተኛው ቀን ላይ በር ተንኳኳ። እማማ ኤልዳና ነበሩ፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሁለተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰማንያ ዓመት አሮጊት። ሊፍቱ አንድ ሰው ስለማይጭን ሰባቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል። በሩን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ ከውስጥ ቀበሮዋ ትናገር ነበር።

"ደረጃው ላይ ስሰማ" አሉ እማማ ኤልዳና "አበድኩ አልኩ። ይቺ ሶልያና አይደለችም?"

"እማማ፣ ይግቡ... ይቀመጡ፣ ላስረዳዎት።"

ገብተው ተቀመጡ። ቀበሮዋ በበረዶ ግግር ላይ ቆማ ድስት ስትቆጥር አዩ። መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ናሆም መለየት አልቻለም።

"አንጀቴን በላችው" አሉ ሲያበቃ። "ድስት ስትቆጥር ኖራ ድስት ስትቆጥር! ምን አለ አሁን አንድ ቀን እንኳ ብታርፍ?"

"እኔ የምሰማው ድምፅ ብቻ ነው የፈለግኩት፣ እማማ።"

"ገባኝ። እኔንም ብቻዬን ጉጉት አድርጎኛል። ዛፍ በሌለበት አገር ዛፍ ስፈልግ ዘጠና ደቂቃ! ዘጋሁት።" ተነሡ። "ግን ናሆም ልጄ፣ አንተ ጸሐፊ ነህ። እሑድ ጉባኤ ፊት አቀርበዋለሁ።"

"እማማ ኤልዳና፣ በፈጠረዎት..."

"ዕድሜዬን ሙሉ ሊቀመንበር ሆኜ ለጓደኛዬ ባል ላዳላ? አንሳኝ ይልቅ፣ ደረጃው ይጠብቀኛል።"

ክንዳቸውን ይዞ እስከ ሁለተኛ ፎቅ አወረዳቸው።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ የብሎኩ አዳራሽ ሞላ። ናሆም ቃለ ጉባኤ መያዣው ፊት ተቀምጦ የራሱን ጥፋት በራሱ እጅ ጻፈ። እማማ ኤልዳና ነገሩን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናግረው "እንግዲህ" አሉ፣ "ሰው ሲሞት የሚሞላ ቅጽ አለን። ሲነሣ የሚሞላ የለንም። ጉባኤው ምን ይላል?"

ናሆም ራሱን ዝቅ አድርጎ ስድቡን ጠበቀ። በመጨረሻ ያፌት እጁን አወጣ።

"ጥያቄ አለኝ። አባትም ይቻላል?"

አዳራሹ ፈነዳ። አንዷ ስለ ታላቅ እህቷ ጠየቀች። አንዱ ሁለት ሚስት ቀብሬአለሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት ጠብ አይፈጥርም ወይ አለ። ሌላው የቤት ኪራይ ከፍዬው ሳልጨርስ የሞተው አከራዬስ ብሎ ተሳቀበት። አንዲት ሴትዮ ተነሥታ "እኔ ባሌ እንዳይገባ ነው የምቃወመው፤ አሁን ገና እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ" አለች። ተጨበጨበላት። ሙታን ይመዝገቡ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ግን የተቃወመው የእማማ ኤልዳና እጅ ብቻ ነበር።

"ደንብ ለማሻሻል ጉባኤው ሁለት ጊዜ መወሰን አለበት" አሉ እጃቸውን ሲያወርዱ። "በሚቀጥለው ወር ይጸድቃል። እስከዚያ ጻፍ፣ ጸሐፊ።"

ናሆም ጻፈ። በሦስት ቀን አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ሙታን አስገባ። ሰዉ ከአዳራሹ እስከ ደረጃው ተሰልፎ፣ የሟቹን ስም በጆሮው ነግሮት፣ እጁን ጨብጦት ይሄዳል። በአራት ዓመት ውስጥ እጁ እንዲህ ተጨብጦ አያውቅም። ያፌት ጭራሽ አቀፈው። "አባቴ አጋዘን ሆኖ መጣ! ቀንዱ ብቻ! ና ቤት፣ ታየዋለህ!" አለው። ግን አልጠራውም።

ማንም ማንንም አልጠራም። ሐምሌ ሲገባ ብሎክ 214 በቀን በየበሩ የበረዶ ነፋስ ይነፍስበት ጀመር። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ከየቤቱ የሟች ሳቅ ይሰማል። ልጆች ግቢ መውረድ ተዉ፤ አያቶቻቸው ግድግዳው ላይ ሲንሸራተቱ እያዩ ይውላሉ። ናሆም ሊፍት በር ላይ ሲቆም ሰው የሚመጣው አንዳንዴ ነበር፤ አሁን ጭራሽ ቀረ። ደረጃውን ወርዶ፣ ባለ ስድስቱን ዳቦ ገዝቶ፣ ዘጠኙን ፎቅ እያረፈ ይወጣል። ሲደርስ ቀበሮዋ ትጠብቀዋለች።

"ዛሬ ጉልበቴን አመመኝ" ይላታል።

"መጀመሪያ ፈርም" ትለዋለች። ወይም "ሁለቱ የታሉ?"

አሥራ ሰባት ዓረፍተ ነገር ነበራት። በነሐሴ መጀመሪያ ናሆም ከአፏ ሳይወጡ ይላቸው ጀመር።

ደንቡን ለማጽደቅ የተጠራው ሁለተኛ ጉባኤ ላይ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። እማማ ኤልዳና መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን አገላበጡ። በሕይወት ያለው አባል መቶ አሥራ ስምንት፣ ከሞት የተመለሰው ከነሶልያና መቶ ሠላሳ ሁለት፤ ድምር ሁለት መቶ ሃምሳ። ጉባኤ የሚሞላው በግማሹ እና በአንድ ሰው ነው፤ መቶ ሃያ ስድስት።

"ያለነው ሁሉ አንድ ሳይቀር ብንመጣ እንኳ አንሞላም" አሉ።

"ከመዝገብ እናውጣቸዋ!" አለ አንዱ።

"በጉባኤ ነው የሚወጡት። ጉባኤው እንዲሞላ ደግሞ እነሱ መምጣት አለባቸው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ለነገሩ የቀሩበትን ምክንያት ሳያሳውቁ ስለቀሩ ማስጠንቀቂያ ተልኮላቸዋል። መዝገቡ ራሱ ነው የላከው። አባትህ ደርሶታል፣ ያፌት?"

ያፌት አልመጣም ነበር። ማንም አልሳቀም።

"ስለዚህ ማሻሻያው አልጸደቀም፤ ደንቡ እንደነበረው ነው። ጉባኤው ተበትኗል፣ ካለ።" እማማ ኤልዳና ወደ በሩ ሲሄዱ ናሆም ክንዳቸውን ሊይዝ ተነሣ። "ተወኝ" አሉት፣ ሳይቆጡ። "ቤትህ ሰው አለ፤ ሂድ።"

ከዚያ በኋላ አላያቸውም።

ነሐሴ ሃያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መዝገቡ ለናሆም መልእክት ላከለት። ወይዘሮ ኤልዳና በመኝታቸው ላይ እንዳሉ አርፈዋል፤ የልብ ምታቸውን የሚከታተለው አምባር ነው ያሳወቀው። ወንድም፣ ልጅ፣ እህት የላቸውም። ባላቸው ሞቷል፤ "ገላገለኝ" ይሉ ስለነበር ማንም ወደ መዝገብ አልመለሰላቸውም። ናሆም የለቅሶውን ጥሪ ለአባላቱ ሁሉ ላከ። በደቂቃ ውስጥ መቶ አሥራ ስድስት "ነፍስ ይማር" ደረሰው። ከሙታኑም መቶ ሠላሳ ሁለት "መልእክቱ ደርሷል" መጣ።

ቀብሩ ላይ አራት ሰው ነበር፤ ከካህኑ ጋር። ሬሳውን የወሰደው መኪና ሹፌር ስለሌለው እሱን እንኳ መቁጠር አልተቻለም። ሲመለሱ ሁለቱ "ለአንድ አፍታ ቤት ደርሰን እንምጣ" ብለው ገቡና ቀሩ።

ድንኳኑ ግቢው መካከል በራሱ ተከፈተ፤ እንዲያ ተደርጎ የተሠራ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን በሰው እጅ የሚወጡ ናቸው። ናሆም አንድ በአንድ ከመጋዘኑ እያወጣ ደረደራቸው፤ ሃያ ነበሩ። የእማማ ኤልዳናን ፎቶ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ አቆመ። ንፍሮውን በትሪ አደረገ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ድንኳኑን ያግለዋል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ጠበቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከላይ ከየመስኮቱ የበረዶ ነፋስ ይሰማል። ሳቅ ይሰማል። አንድ ቤት መጨረሻው ላይ ደርሰው መሰል ያ የመተቃቀፊያው ሙዚቃ ተለቀቀ።

ናሆም ንፍሮውን አየው። አንድ ፍሬ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። እማማ ኤልዳና በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንት ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጡ የሚያውቀው እሱ ነው፤ መዝገቡ እሱ ጋር ነው። አንድም ቀርተው አያውቁም። አሁን ቀና ብለው ቢያዩ ሃያ ባዶ አግዳሚና አንድ ጸሐፊ ያያሉ። ቀበሮዋ አሁን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ናት፣ በጠፋ ወንበር ላይ ትጨቃጨቃለች። እውነተኛዋ ሶልያና ግን ብትሆን ቤት አትቀመጥም ነበር። ይኼኔ በየፎቁ ዞራ፣ በየበሩ ደብድባ፣ "ምን ሆናችሁ ነው እናንተ? ሰው ሞቶ!" እያለች ሁሉንም በፒጃማ ታስወርድ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ፊልሙ አያውቀውም። ስብሰባ ላይ ተናግራው አታውቅም፤ የምትናገረው ደረጃ ላይ ነው።

መዝገቡን ከኪሱ አወጣ። አንቀጽ ዘጠኝ እንዳለ ነው፤ አልተሻሻለም። ሟች ከአርባ ቀን በኋላ በጸሐፊው እጅ ይሰረዛል። ጉባኤ የሚያስፈልገው ሕያው አባልን ለማስወጣት ነው፤ ለሟች አያስፈልግም። እጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከራሱ ጀመረ፤ ከሌላ መጀመር ነውር መሰለው። ጣቱ "ሶልያና" የሚለው ላይ ብዙ ቆየ። በመጀመሪያው ጊዜ በአርባ አንደኛው ቀን ጠዋት ሲሰርዛት ምንም አልተሰማውም ነበር፤ ሥራ ነበር። አሁን ሥራ አልነበረም። "ይቅር በይኝ" አለ፣ ጮክ ብሎ፣ በባዶው ድንኳን። መስመሩን አሰመረ።

ከዚያ የያፌትን አባት። ከዚያ የሦስተኛ ፎቋን ታላቅ እህት። ከዚያ ሁለቱን ሚስቶች። በሰረዘ ቁጥር ከላይ አንድ መስኮት ውስጥ አንድ ሳቅ እየተቆረጠ ጸጥ ይላል። ስልሳው ላይ ሲደርስ "ምን ሆነ? ግድግዳው ምን ሆነ?" የሚል ተሰማ። ዘጠና ላይ ሲደርስ በሮች ተከፈቱ። መቶ ሠላሳ ሁለት ሲሞላ ሕንፃው በሙሉ ይጮህ ነበር። ሊፍቱ ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቶ ሲወርድ ሲያቃስት ተሰማው።

ያፌት በነጠላ ጫማ ደረሰ። ፊቱ ቀልቷል። ከኋላው ሰዉ እንደ ጎርፍ ይወርዳል።

"አንተ ሰውዬ!" አለ ገና ከግቢው በር። "አባቴን! በማን ፈቃድ ነው አባቴን... ዛሬ አንላቀቅም! አንተ..."

ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርስ ፎቶውን አየ።

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ለቅሶ ቤት አይጮህም። ይህን ያፌትን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ማንም ሊያስረሳውም አልቻለም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግን ድንኳን አፍ ደርሶ ሳይቀመጡ መመለስም አይሆንም። እጁን ሊማታበት እንደ ጨበጠው ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈታው። ጎንበስ አለ።

"እግዜር ያጥናህ" አለ ጥርሱን ነክሶ።

ይህ የሚባልለት ሌላ ሐዘንተኛ አልነበረም። "አሜን" አለ ናሆም።

"ቆይ ብቻ" አለ ያፌት በሹክሹክታ፣ ሲቀመጥ። "ከዚህ እንውጣ ብቻ።"

የሚቀጥለው ሰው እየጮኸ መጣና ድንኳኑ አፍ ላይ ድምፁን ጣለው። "እግዜር ያጥናህ።" ቀጣይዋ ሴትዮም እንዲሁ። በቤት ልብስ፣ በባዶ እግር፣ አንዱ ፎጣ አገልድሞ መጡ። እያንዳንዱ ስድብ ይዞ ይደርሳል፣ አጎንብሶ ጨብጦት ያልፋል። አግዳሚዎቹ መሙላት ጀመሩ። ማንም ወደ ናሆም አያይም፤ የሚያየውም እንደ ጠላት ያየዋል።

መጀመሪያ ያለቀሰችው ታላቅ እህቷ የተሰረዘችባት ሴትዮ ነበረች። "ወይኔ እህቴ!" አለች፤ ሰው ሲዞር ደንግጣ "ወይኔ እማማ ኤልዳና!" ብላ አረመችው። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለች። ያፌት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ልጅ ነፈረቀ። ሁሉም የየራሱን ሟች ገና ከአሥር ደቂቃ በፊት ሁለተኛ ቀብሯል፤ ዕንባው ደግሞ የተዘረጋለት አንድ ድንኳን ብቻ ነው። ወንድምና ልጅ ባይኖራቸውም፣ በብሎክ 214 ታሪክ እንደ እማማ ኤልዳና የተለቀሰለት ሰው አልነበረም።

ናሆም አላለቀሰም። የእሱን ቀድሞ ጨርሷል።

"የኤልዳናና የሊፍቱ ነገር ትዝ ይላችኋል?" አለ ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ አፍንጫውን እየጠረገ። "ሊፍቱ እንቢ ሲላት ረገጠችው። እግሯን በጄሶ አድርጋ ሦስት ወር ስብሰባ መራች።"

አንድ ሰው በዕንባው መካከል ሳቀ። "እኔን ለአንድ ማንኪያ ከነቤተሰቤ ልታባርረኝ ነበር።"

"ማንኪያውን ወስደሃል አልወሰድክም?"

"ወስጃለሁ እንጂ!"

ሳቁ በሃያው አግዳሚ ላይ ተዳረሰ፤ ትንሽ፣ የሚያፍር ሳቅ። የያፌት አማት ትሪውን አንሥታ ንፍሮውን ማዞር ጀመረች። ሰዉ አሁንም እየመጣ ነው። መቀመጫ አለቀ፤ ገሚሱ ቆሞ ቀረ። ናሆም ቦታ ልልቀቅ ብሎ ብድግ ሲል የያፌት እጅ ኮቱን ይዞ ጎተተው። ያፌት ወደ እሱ አላየም፤ ዓይኑ ፎቶው ላይ ነው።

"የት ልትሄድ ነው? ጠጋ በል" አለው፣ አሁንም በቁጣ። "ሰው ይቀመጥበት።"

ናሆም ጠጋ አለ።